ዋስ የሌለው ሙቀት

ብርድን አልጠላም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ልጆቼ በየሰርጉና በየለቅሶ ቤቱ «አባባን ብርዱ አልተስማማውም፤ ለዚህ ነው የሚነጫነጨው» እያሉ ስለሚያስወሩብኝ ነው። እኔ ተወልጄ ያደግኩት ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ነው። ያበበ ባቄላ በአንድ ሌሊት ጠቁሮ ሲያድር አይቻለሁ። ማለዳ ሳሩ ላይ የተጋገረውን አመዳይ በባዶ እግሬ እየረገጥኩ ከብት ነድቻለሁ። በብርድ ጉዳይ እዚህ የተወለደ ጎረምሳ ሊያስተምረኝ አይችልም፤ ቢሞክርም አልሰማውም።

ክሴ በሙቀቱ ላይ ነው። በጥርና በየካቲት ማንም ሳይጠራው ከሮኪ ተራሮች ወርዶ፣ ኮሎራዶ ውስጥ አውሮራ ከምትባለው ከተማችን ገብቶ፣ ጋቢዬን አስወልቆ፣ ወንበሬን ደጅ አስወጥቶ፣ ሻዬን ገና ሳልጨርስ ለቁር አስረክቦኝ በሚሄደው በዚያ ሙቀት ላይ። በአያቴ ዘመን ሰው ሲካሰስ ከሁሉ በፊት የሚባለው «ዋስ ጥራ» ነበር። ይኸ ሙቀት ዋስ ጥራ ቢባል ማንን ይጠራል?

ሀገር ቤት ያሉ ዘመዶቼ ዴንቨር ሲባል ተራራ ላይ የምንኖር ይመስላቸዋል። ተራራው በስተምዕራብ ነው፤ እኛ ያለነው ሜዳው ላይ ነው። ከቤቴ ተነስቶ ወደ ምሥራቅ የነዳ ሰው እስከ ካንሳስ ድረስ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ኮረብታ በወጉ አያገኝም። ዴንቨር ከባሕር ወለል 1,609 ሜትር ከፍ ትላለች ብለው ቅጽል ስሟን ሳይቀር በከፍታዋ አውጥተውላታል። 1,609! ደብረ ብርሃን እኮ 2,800 ገደማ ናት። በእኛ አቆጣጠር ዴንቨር ወይና ደጋ ናት፤ በወጉ ቢሆን ኖሮ ሰዎቿ ጤፍ እየዘሩ፣ ቡና እየለቀሙ በኖሩ ነበር።

ቅሬታዬ እንዲገባችሁ የጣርማበርን መንገድ አስታውሱ። የእኛ ሀገር አየር ቦታ ቦታ አለው። ውርጭ፣ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ፣ በረሃ፤ እያንዳንዱ ርስቱን ያውቃል፣ የሌላውን ድንበር አይገፋም። ጣርማበር ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ጉም መሐል ባናህን ተከናንበህ አውቶቡስ ትሳፈራለህ። ጣልያን የፈለፈለውን ዋሻ ታልፋለህ። ደብረ ሲና ስትደርስ ባናውን ከትከሻህ ታወርዳለህ። ሸዋ ሮቢት፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ የሸሚዝህን ቁልፍ ፈተህ ጥላ ትፈልጋለህ። ብርድ ያማረው ይወጣል፣ ሙቀት ያማረው ይወርዳል፤ ውሳኔው የሰውየው ነው። እዚህ ግን ሰውየው ከወንበሩ ሳይነሳ ቆላው መጥቶ ይጎበኘዋል፤ ምሳ ተበልቶ ሳይነሳ ጣርማበር ይተካል። አምስቱም ርስታቸውን ጥለው በአንድ ሰው ደጃፍ ላይ ሲጋፉ አስቡት። ሰውየውም እኔ ነኝ።

ሰዓትም አያከብሩም። የእኛ ውርጭ የታወቀ ሰዓት አለው። ሰማዩ ከጠራ፣ ነፋሱ ከቆመ፣ ኮከቡ ከደመቀ፣ ሌሊቱን ውርጭ እንደሚወርድ እናቴ ከማጀት ሳትወጣ ታውቅ ነበር። መሬቱ ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት ወደ ሰማይ ይለቃል፤ ደመና ስለሌለ የሚመልስለት የለም። ንጋት ላይ ይበረታል፤ ሦስት ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ ታሟሟዋለች። ባቄላውን ጎድቶ ቢሄድም ቀኑን ለሰው ይለቃል። የሜዳው ብርድ ግን በጠራራ ፀሐይ ይመጣል። በቀን! ሰው ሥራ ላይ እያለ! ሌባ እንኳ ማታን ይጠብቃል።

ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ ያስረዳችኝ ትምህርት ቤት የተማረችው የልጅ ልጄ ናት። ቺኑክ ይባላል አለችኝ። ከፓሲፊክ ውቅያኖስ የተነሳ እርጥብ ነፋስ ተራራውን ሲወጣ ይቀዘቅዝና እርጥበቱን በዚያኛው በኩል በበረዶ መልክ ያራግፋል። ጫፉን አልፎ በእኛ በኩል ቁልቁል ሲንደረደር አየሩ ይታመቃል፤ ሲታመቅ ይሞቃል፤ በየ1,000 ሜትሩ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል። ሲወጣ ግን ደመና እየሠራ ስለነበር የቀዘቀዘው ከዚያ ባነሰ መጠን ነው። ስለዚህ ከተነሳበት ይልቅ ሞቆና ደርቆ ይደርሳል። ያለ ትርፍ የሚንቀሳቀስ ነገር እዚህ ሀገር የለም፤ ነፋሱም ቢሆን። የአካባቢው ሰዎች «በረዶ በል» ይሉታል፤ አንዳንዴ በረዶውን ውኃ እንኳ ሳያደርገው ወደ ተን ይለውጠዋልና። «ታዲያ ጥሩ ነው አይደል አባባ?» አለች። በረዶውንስ ይብላ። ችግሩ በልቶ ሲወጣ በሩን አለመዝጋቱ ነው። እነዚህ ተራሮች ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው የተዘረጉት፤ ከካናዳ ወዲያ ያለው የዋልታ አየር ሲለቀቅ መንገዱ ላይ የሚቆም አንድም ጋራ የለም። ከባድ ስለሆነ ምድር ለምድር ይመጣል፤ ቀላሉን ሞቃት አየር ከሥሩ ገብቶ ፈንቅሎ ይጥለዋል። የሚፈነቀለው ላይ ደግሞ ወንበር አውጥቼ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ይህን ሁሉ አውቄ ጋቢዬን ብለብስ ምን ይደንቃል? ሙቀቱ የመጣ ዕለት ግን ቤተሰቡ በሙሉ ጠበቃ ይቆምለታል። ልጄ ቁምጣ ለብሶ መኪናውን ያጥባል። ፈረንጁ ጎረቤቴ የሥጋ መጥበሻውን አውጥቶ ሰፈሩን ያጨሰዋል። የልጅ ልጆቼ አይስክሬም ይዘው ይከቡኛል።

«አባባ፣ ደግሞ ጋቢ? ሰው እያየን እኮ ነው!»

«ይየን።»

«አይሞቅህም?»

አንቱታን እዚህ ሀገር አላስተማሯቸውም፤ እሱን ይቅር ብያለሁ። «ይሞቀኛል» አልኳቸው። «ደስ ብሎኝ ነው የሚሞቀኝ።»

ሃቫና ጎዳና ላይ እኛ ሽማግሌዎች የምንሰበሰብበት ቡና ቤት አለ። ከመካከላችን አንዱ የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ ልጅ ስል ሰባን ያለፈ። ሙቀት የመጣ ዕለት ፊቱ ይፈካል፣ አረማመዱ ሳይቀር ይለወጣል። አንድ የየካቲት ከሰዓት በኋላ በእጅጌ ጉርድ ሸሚዝ መጥቶ ደጅ ካለው ጠረጴዛ ተሰየመ።

«ጋሼ» አለኝ፤ እኩያዬ ሆኖ ሳለ ሊያሾፍብኝ ሲፈልግ ነው ጋሼ የሚለኝ። «እግዜር የሰጠንን አንድ ቀን አያማርሩብን።»

«የሰጠን ቺኑክ ነው።»

«ቺኑክን ማን ላከው?»

ሃይማኖት ውስጥ ሲገባብኝ ዝም አልኩ። ዓይኔን ግን ከሰሜን አላነሳሁም። ሰማዩ ግርጌ ላይ ግራጫ መስመር ተዘርግቷል። ማዶ ነዳጅ ማደያው ላይ ያለው ባንዲራ ቀኑን ሙሉ ወደ ምሥራቅ ሲውለበለብ ቆይቶ ድንገት ተንጠለጠለ። ለአፍታ ፀጥ አለ። ከዚያ ወደ ደቡብ ዞረ። «ተነሱ» አልኩ። የተነሳ የለም። የስኳር ወረቀቶቹ ከጠረጴዛው ተነስተው ሲበሩ፣ የአንዱ ባርኔጣ ሲከተላቸው፣ ያን ጊዜ ሁሉም ወንበሩን እየጎተተ ወደ ውስጥ ተጋፋ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መስታወቱ ላይ ደቃቅ በረዶ ይረጭ ጀመር። የድሬዳዋው ልጅ መኪናውን ያቆመው ከመንገዱ ማዶ ነው። አንዴ መስኮቱን ያያል፣ አንዴ ክንዱን ያያል። ጋቢዬን ፈታሁ። ሙሉውን አልሰጠሁትም፤ ግማሹን ነው የሰጠሁት፤ ደረብ ስለሆነ ለሁለት ይበቃል። አንድ ጋቢ ለሁለት ተከናንበን የእግረኛውን መብራት ስንጠብቅ ጠየቅኩት፦ «ቺኑክን ማን ላከው?»

«ኧረ መብራቱ በርቷል፣ ይራመዱ!» አለኝ።

እኔ ብቻ የማማርር እንዳይመስላችሁ መዝገቡን አስነብቤያለሁ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥራቸው፤ አየሩ የእነሱ ነው።) ከእኛ በስተሰሜን፣ ደቡብ ዳኮታ ውስጥ ስፒርፊሽ የምትባል ከተማ አለች። ጃንዋሪ 22 ቀን 1943 ጠዋት በእነሱ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር። በሁለት ደቂቃ ውስጥ 7 ዲግሪ ገባ። ሁለት ደቂቃ! እኔ በሁለት ደቂቃ አንዱን ካልሲ አልጨርስም። በዘጠኝ ሰዓት 12 ዲግሪ ደረሰ፤ ያኔ ሰዉ ኮቱን ሳያወልቅ አይቀርም። ከዚያ በ27 ደቂቃ ተመልሶ ከዜሮ በታች 20 ወረደ። የመስኮት መስታወት ተሰነጠቀ። ሞንታና ውስጥ ብራውኒንግ የሚባል ቦታ ደግሞ በ1916 ጃንዋሪ ከ7 ዲግሪ ተነስቶ በ24 ሰዓት ውስጥ ከዜሮ በታች 49 ገባ። ኦክላሆማ ሲቲ ኖቬምበር 11 ቀን 1911 ቀን 28 ዲግሪ ሞቃ፣ እኩለ ሌሊት ሳይሆን ከዜሮ በታች 8 ደረሰች፤ የዚያን ቀን ትልቁም ትንሹም ክብረ ወሰን በአንድ ቀን ተመዘገበ። ይህን ለልጄ ሳነብለት «አባዬ፣ ይገርማል» ብሎ ስልኩን መነካካት ቀጠለ። ይገርማል! እኔ ማስረጃ አቀርባለሁ፣ እሱ ይገረማል።

አንዱን ግን ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የማነበው። ጃንዋሪ 12 ቀን 1888 ነብራስካና ዳኮታ ውስጥ ጠዋቱ ለስለስ ያለ ነበር። ብዙ ቀን በብርድ የከረመ ሰው ደስ ብሎት ወጣ፤ ገበሬው ከብቱን አሰማራ፣ ልጆች ቀለል ያለ ልብስ ለብሰው ትምህርት ቤት ሄዱ። ማዕበሉ በቀን ደረሰባቸው። የሞቱት 235 ያህል እንደሆኑ ይገመታል፤ ብዙዎቹ ከትምህርት ቤት ወደ ቤታቸው ሲሄዱ መንገድ የጠፋባቸው ልጆች ናቸው። እንግዲህ የልጅ ልጆቼ በማለዳ ያለ ጃኬት ሲወጡ በር ላይ የምቆመው ለዚህ ነው። ይሳቁብኝ። ጃኬቱን ይዘው ይሳቁ።

እኛም የየራሳችንን አይተናል። ዲሴምበር 21 ቀን 2022 ከሰዓት በኋላ ዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሜዳው ላይ፣ ከ5 ዲግሪ በላይ የነበረው በአንድ ሰዓት ውስጥ ከዜሮ በታች 15 ገባ። በማግስቱ ጠዋት ከዜሮ በታች 31 ነበር። የወንድሜ ልጅ ከባድ መኪና ይነዳል፤ አይ 70 በሚባለው አውራ ጎዳና ወደ ካንሳስ ይመላለሳል። እሱ ነው የነገረኝ፦ መንግሥት አስፋልቱ ላይ በር ገጥሞበታል። ማዕበል ሲመጣ በሩ ይዘጋል፣ መኪናው ሁሉ ሊሞን ከተማ ላይ ተሰልፎ ያድራል። በአውራ ጎዳናው ላይ በር የሚገጥም መንግሥት የሀገሩን አየር ምን ያህል እንደሚያምነው አስቡት። እኔ ግን ጋቢ ስለብስ ጨለምተኛ ነኝ።

የቤታችንን ጉዳት ደግሞ ባለቤቴ ትመስክር፤ ግን አትመሰክርም፣ ከሙቀቱ ጋር ናት። የክረምታቸው ብርድ ሊጥ አያቦካም። ሊጡን ማሞቂያው አጠገብ አስጠግታ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልላ ነው የምታስቦካው። ሙቀቱ ሲመጣ ግን ደስታዋ ልክ ያጣል፤ ባልዲውን ይዛ ፀሐይ ወዳለበት በረንዳ። «ተይ፣ አይታመንም» አልኳት። «አንተ ደግሞ፣ ከሊጡ ጋር ቅናት ያዘህ?» አለችኝ። ወደ ገበያ ሄዳ ስትመለስ እርሾው ከነአብሲቱ ድንጋይ ሆኖ ጠበቃት። ያንን ሳምንት እንጀራ ከሱቅ ገዝተን በላን፤ እሱም የቺኑኩ ድርቀት ስለሚያገኘው ገና ከፌስታሉ ሲወጣ ጠርዙ ይሰነጣጠቃል። ከንፈሬም እንዲሁ፤ ቅባት ካልያዝኩ መሳቅ አልችልም። የሚያስቅም የለም።

ከሰው ሁሉ ይልቅ የምራራለት ስንዴውን ነው። ከዴንቨር በስተምሥራቅ ያለው ገበሬ ስንዴውን የሚዘራው በመስከረም ነው። በቅሎ፣ ብርዱ ሲመጣ ለጥ ብሎ፣ በረዶውን ለብሶ ይከርማል፤ በሰኔና በሐምሌ ይታጨዳል። ብርድ ካላገኘ በወጉ አያፈራም፤ ብርዱን የሚፈልግ ሰብል ነው። የዚህን ስንዴ ዘር በ1874 ወደ ካንሳስ ያመጡት ከሩሲያ ግዛት የተሰደዱ ሜኖናይት የሚባሉ አማኞች ናቸው። እንግዲህ ስደተኛ ነው ስንዴውም፤ ከብርድ ሀገር መጥቶ ብርዱን ችሎ ተኝቷል። ሙቀቱ በየካቲት መጥቶ ልብሱን ገፎ ይቀሰቅሰዋል። ነጋልኝ ብሎ ቀና ሲል ቁሩ አናቱ ላይ ይወርድበታል። አፍ ቢኖረው ኖሮ ከእኔ ጎን ይቆም ነበር። እኔ ያደግኩት ገብስ ሲዘራ እያየሁ ነው፤ የደጋ ገብስ ቢያንስ ሲጎዳ በማን እንደተጎዳ ያውቃል።

በ2021 ደግሞ መኸሩ በሙሉ ደርቆ ሞቆ አለፈ። ዴንቨር የመጀመሪያውን በረዶ ያየችው ዲሴምበር 10 ላይ ነበር፤ መዝገብ ከተያዘ ጀምሮ እንደዚያ ዘግይቶ አያውቅም። ሰዉ ተመረቅን አለ። ዲሴምበር 30 ነፋሱ ከተራራው ወረደና ደርቆ የከረመውን ሳር አገኘ። ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ቤቶች፣ አብዛኞቹ ሱፒሪየርና ሉዊቪል በሚባሉት ከተሞች፣ በአንድ ቀን አመድ ሆኑ። በረዶው በማግስቱ ጣለ። በማግስቱ። ይህን እያወቅኩ በታኅሣሥ ሙቀት እንዴት አጨብጭቤ እቀበላለሁ?

ጥምቀትን ሳይቀር ያውኩብናል። የከተራ ዕለት ሰማዩ ጠርቶ፣ ሙቀቱ ወርዶ፣ እናቶች በሐበሻ ቀሚስ ብቻ ሆነው እልል ሲሉ ዋሉ። እኔ ከውስጥ ሁለት ሹራብ ለብሼ ሳመሰግን ነበር። በበነጋታው ካህኑ ጸበሉን ሲረጩ ጋቢዬ ላይ ያረፈው ጠብታ እዚያው ደርቆ ቆመ፤ በጥፍሬ ነው የፈለቀቅኩት። ከጎኔ የቆመው ወጣት እየተንቀጠቀጠ «ጋሼ፣ ትንሽ ልጠጋ?» አለኝ። ተጠጋ አልኩት። እየቆየ ሲሄድ ጋቢዬ ሕዝባዊ ንብረት ሆኗል።

አሁን ደግሞ ልጄ የቤቱን ማሞቂያ ከስልኩ ጋር አገናኝቶታል። ደጁ ሲሞቅ ማሞቂያው ራሱን ያጠፋል፤ ደጁ ሲቀዘቅዝ ልጄ ሥራ ላይ ነው። ግድግዳው ላይ ያለውን ቁልፍ ብጫነው «ተቆልፏል» ይለኛል፤ በራሴ ልጅ ቤት፣ ግድግዳ። ደውዬ ብነግረው «አባዬ፣ ትንበያው እኮ 18 ዲግሪ ይል ነበር» አለኝ። ይል ነበር። እኔም ወጣት ነበርኩ።

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ደወለች። በዋሽንግተን አድርጋ በየካቲት ልትጠይቀን ትመጣለች።

«ጋሼ፣ አየሩ እንዴት ነው? ምን ዓይነት ልብስ ልያዝ?»

«በስንት ሰዓት ነው የምትደርሺው?»

ሳቀች። ቀልድ መሰላት። «አሥር ሰዓት ላይ ነው የማርፈው፣ በእኛ።»

«ያ አውሮፕላኑ ነው። አንቺ ሻንጣሽን ይዘሽ የምትወጪው ስንት ሰዓት ነው?»

«ኧረ ጋሼ! ለአንድ ሰዓት ልዩነት ሁለት ዓይነት ልብስ ልያዝ?»

«ሁለት አይበቃም። የመንዙን ባና ያዥ፤ እናትሽ ቤት ሣጥኑ ውስጥ ነው። ከሻንጣው ላይ አድርጊው፣ እጅሽ በቀላሉ እንዲደርስ። በርበሬው ከሥር ይሁን።»